«ገና ልጅ ነህ»፦ ከመንዝ ርስት እስከ ምርጫ ካርድ

ምርጫ በመጣ ቁጥር «ወጣቱ ስሜታዊ ነው፤ የበሰለ ድምፅ የሽማግሌ ነው» ሲባል እንሰማለን። ውድ ወንድምና እህቶች፣ ይህ አባባል ከዕድሜ ይልቅ ከመሬት ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። መንዝን እንመልከት።

ከመሐል ሜዳ ብዙም የማይርቀው ጓሳ ለዘመናት በአጽመ ርስት ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ ስለሚፈለግ ቦታው ለዓመታት ይዘጋል፤ ጥበቃውን የሚመራውን አለቃ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ይመርጡ ነበር። ምርጫ ነበር ማለት ነው! ድምፁ ግን የአቅኚዎቹ የአስቦና የጌራ ዘር ነው። በደጋው ኑሮ ርስት ያልተካፈለ፣ ጎጆ ያልወጣ ወንድ ጢሙ ቢያድግም «ልጅ» ነበር።

በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ይህንኑ አስተሳሰብ በአንቀጽ አሰፈረው። ለመምረጥ 21 ዓመት፣ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ለመመረጥ 25 ዓመት፣ በዚያ ላይ በምርጫ ክልሉ ንብረት መያዝ ግዴታ ሆነ። የሚገርመው፣ ሕጉን የሰጡት ንጉሠ ነገሥት በ1909 አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሲሆኑ ዕድሜያቸው 24 ነበር። አገር ለማስተዳደር የበቃ ዕድሜ ለአንድ የምክር ቤት ወንበር አልበቃም።

የንብረቱ ግዴታ ደግሞ የእኛን አባቶች በሌላ በኩል ነካቸው። በሰሜኑ ደጋ ብዙ ሙስሊሞች ርስት አልነበራቸውም። በንግድና በሽመና ያደረ ሰው ፀጉሩ ሸብቶም በርስተኛው ዓይን ሙሉ የአገር ሰው አልነበረም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባን ያጥለቀለቀው የሙስሊሞች ሰልፍ እኩል ዜጋ እንሁን ሲል፣ ይህንንም ሸክም ተሸክሞ ነው። በቀጣዩ ዓመት፣ የካቲት 25 ቀን 1967፣ የመሬት አዋጁ ርስትን ሻረ። የመምረጫ ዕድሜም በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 38 ላይ 18 ተብሎ ሰፈረ።

እንግዲህ ሕጉ ተለወጠ፤ አመለካከቱስ? አዋጁን በዓይኑ ያየ ገበሬ መንግሥትን የሚመዝነው በመሬት ነው፦ ሰጠኝ ወይስ ነጠቀኝ? ሰኔ 14 ቀን 2013 በ18 ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የመረጠ ልጅ ግን አዋጁ ከወጣ ከ28 ዓመት በኋላ የተወለደ ነው። የተካፈለው መሬት የለም፤ የሚጠይቀው ስለ ሥራና ስለ ቤት ኪራይ ነው። የ1997ቱን ክርክር እንኳ አያስታውስም፤ ያኔ የ2 ዓመት ሕፃን ነበር። ይህን ስሜታዊነት ማለት የእርሱን ጥያቄ በአያቱ ሚዛን መስፈር ይመስለኛል።

በ1997 «ትኩስ ኃይል» ተብሎ የተናቀው የ18 ዓመት መራጭስ? በ2013 34 ዓመት ሞልቶት ነበር፤ ምናልባትም በዚያው ሰልፍ ላይ ከፊቱ የቆመውን ወጣት «ገና ልጅ ነህ» ብሎት ይሆናል።