ከዋሻው ወደ ሰዉ መሐል

ለመሆኑ የኑሮን ትርጉም ፍለጋ የዘመናችን ሰው ብቻ ጣጣ ነውን? አይደለም። «ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ» እንደሚተርከው፣ ሊቁ በሱስንዮስ ዘመን በሃይማኖት ጠብ ተሳዶ ተከዜ አጠገብ ዋሻ ገባ። ሁሉም እውነት የእኔ ናት ሲል ማንን ይመን? ልቡናውን ዳኛ አደረገ። እርግጥ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. ድርሰቱ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው ካለ ወዲህ፣ ክላውድ ሰምነር ቢሟገትለትም፣ ክርክሩ አልበረደም። ይሁንና የማንም ድርሰት ይሁን፣ ጥያቄው ጥያቄ ነው።

የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» (1962 ዓ.ም.) ደግሞ ጠያቂውን ከዋሻ አውጥቶ ሰው መሐል ይጥለዋል። የተማረው ወጣት ሸዋ ገጠር ወርዶ ልማዱንም እምነቱንም ይሞግታል። ታዲያ ማን ይስማው? እሱ በመጽሐፍ ቋንቋ ይናገራል፤ አገሬው በተረትና ምሳሌ ይኖራል። እውቀቱ እኮ አልጎደለም፤ የጎደለው መገናኛው ነው።

እንግዲህ ፍልስፍና ለብቻችን እንድናስብ ያደፋፍረናል። ልብ ወለድ ግን ያሰብነው ከሰው ኑሮ ጋር ሲላተም ምን እንደሚሆን ያሳየናል። አንዱን ይዘን ሌላውን ብንጥል ምን ዋጋ አለው? ከዚህ ግቢ ስንወጣ የሚጠብቀን አደፍርስን የገጠመው ነውና፣ ከመሞገታችን በፊት መስማት እንልመድ።