«እሺ» ስንል ምን ማለታችን ነው? ከቴኔሪፍ አደጋ የተገኘ ትምህርት

ስልክ ላይ «እሺ» ስትሉ «ተስማምቻለሁ» ማለታችሁ ነው ወይስ «እየሰማሁ ነው፣ ቀጥል»? ብዙ ጊዜ ልዩነቱ ችግር የለውም። መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977) በስፔኗ የቴኔሪፍ ደሴት ግን እንዲህ ያለ አሻሚ ንግግር ለ583 ሰዎች ሞት አንዱ ምክንያት ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጎረቤቷ ደሴት ግራን ካናሪያ ኤርፖርት ቦምብ ስለፈነዳ፣ ወደዚያ ይበሩ የነበሩ አውሮፕላኖች ወደ ትንሹ የሎስ ሮዴኦስ ኤርፖርት ተላኩ። ከእነሱ መካከል ሁለት ቦይንግ 747 ነበሩ፦ የሆላንዱ ኬኤልኤምና የአሜሪካው ፓን አም። መንደርደሪያው አንድ ብቻ ነው። ኬኤልኤም ጫፉ ላይ ደርሶ ዞሮ ቆሟል፤ ፓን አም ገና እዚያው መንደርደሪያ ላይ እየተጓዘ ነው። ደመናው መሬት ድረስ ስለወረደ ከመቆጣጠሪያ ማማው አይታዩም፣ እርስ በርስም አይተያዩም። የምድር ራዳርም የለም። የቀረው ሬዲዮ ብቻ ነበር።

ተቆጣጣሪው ለኬኤልኤም፣ ከተነሳ በኋላ የሚከተለውን የአየር መስመር ነገረው። ይህ የመነሻ ፈቃድ አልነበረም። ረዳት አብራሪው መልእክቱን ደግሞ ሲጨርስ በእንግሊዝኛ ያላት ሐረግ በእኛ «መነሳቱ ላይ ነን» እንደማለት ናት። ተቆጣጣሪው «መነሻው ቦታ ላይ ቆመናል» ብሎ ተረዳት። ዋናው አብራሪ ግን መንደርደር ጀምሮ ነበር። ተቆጣጣሪው «እሺ» አለ፤ ትንሽ ቆይቶ «ጠብቅ፣ እጠራሃለሁ» ሲል ጨመረ። በዚያችው ቅጽበት ፓን አም «ገና መንደርደሪያው ላይ ነን» አለ።

እዚህ ላይ ፊዚክስ ገባ። በአቪዬሽን ሬዲዮ ሁሉም በአንድ ፍሪኩዌንሲ ይነጋገራል፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል። ሁለት ሰው እኩል ሲናገር፣ ትንሽ የሚለያዩት ሁለት ሞገዶች ተደባልቀው ፉጨት ይፈጥራሉ። ኬኤልኤም ውስጥ «እሺ» በግልጽ ተሰማ፤ ሁለቱ ወሳኝ መልእክቶች ግን በፉጨት ተሸፈኑ። የበረራ መሐንዲሱ «ፓን አም አልወጣም እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ዋናው አብራሪ መውጣቱን በእርግጠኝነት መለሰለት። ከሰከንዶች በኋላ ተጋጩ። ኬኤልኤም ውስጥ የነበሩት 248 ሰዎች በሙሉ ሞቱ፤ ከፓን አም 61 ሰዎች ተረፉ።

መርማሪዎች ዋናው አብራሪ ያለ ፈቃድ መነሳቱን መሠረታዊ ምክንያት ብለውታል። ሆኖም ጉዳዩ በአንድ ሰው ጥፋት ብቻ አልተዘጋም፤ አነጋገሩ ራሱ ተቀየረ። ዛሬ «ቴክ ኦፍ» የሚለው ቃል የሚነገረው የመነሻ ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ ነው፤ ከዚያ ውጪ «ዲፓርቸር» ይባላል። እንዲህ ላለ ትእዛዝ «እሺ» ብሎ መመለስም አይበቃም፤ አብራሪው የሰማውን ይደግማል፣ ተቆጣጣሪው ያረጋግጣል። የበረራ ሠራተኞችም አለቃቸው ሲሳሳት ደፍረው እንዲናገሩ፣ አለቃውም እንዲያዳምጥ ይሠለጥናሉ።

እኛ መሐንዲሶች ኮምፒውተሮችን ስናገናኝም «ደረሰኝ» የሚለው ምላሽ ብቻውን አያሳርፈንም። የደረሰው የተላከው መሆኑ መረጋገጥ አለበት። መሐንዲሱ ከዚያ መልስ በኋላም ጥያቄውን ቢገፋበት ኖሮ ብዬ አሁንም አስባለሁ። እናንተም ነገሩ ከባድ ሲሆን «እሺ» ከማለታችሁ በፊት የሰማችሁትን ድገሙት።