ከፍኖተ ሐሊብ እምብርት የመጣው ብርሃን

መስከረም ጠብቶ ደመናው ሲገፈፍ፥ እኛ የደምበጫ ተማሪዎች ማታ ማታ በሰማይ የተዘረጋውን ነጭ መንገድ እናያለን። ሊቃውንት ፍኖተ ሐሊብ፥ ማለት የወተት መንገድ ይሉታል፤ «ፍኖት» መንገድ መሆኑን ከጎረቤታችን ከፍኖተ ሰላም ስም እናውቃለን። እምብርቱ ገና እንደ መሸ በደቡብ ምዕራብ በኩል ሲሆን፥ ከእኛ ወደ 26,000 የብርሃን ዓመት ይርቃል። ከዚያ ስለ መጣ ያልታሰበ ብርሃን ታሪክ ጥቂት እንጽፋለን፤ ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1933 ፍሪትዝ ዝዊኪ የተባለ ሊቅ፥ ኮማ በሚባለው ክምችት ያሉት ጋላክሲዎች እጅግ ሲፈጥኑ አየ። የሚታየው ቁስ ብቻውን በስበት አንድ ላይ ሊይዛቸው ስለማይችል፥ የማይታይ ቁስ አለ ብሎ ገመተ። በ1970ዎቹ ቬራ ሩቢንና ባልደረቦቿ የጋላክሲዎችን መሽከርከር ለክተው ግምቱን አጠነከሩት። ዛሬ በጠፈር ካለው ቁስ ከ100 እጅ 85 ያህሉ ይህ «ጨለማ ቁስ» እንደ ሆነ ይታመናል፤ ምንነቱ ግን ገና አልታወቀም።

ጋማ ጨረር በአየራችን ስለሚታገድ፥ በ2008 ፌርሚ የተባለ ቴሌስኮፕ ወደ ጠፈር ተላከ። በ2009 ሊሳ ጉዲናፍና ዳን ሁፐር መረጃውን ሲመረምሩ፥ በእምብርቱ ዙሪያ ከሚጠበቀው በላይ ጋማ ጨረር አገኙ። የጨለማ ቁስ ቅንጣቶች ተጋጭተው ሲጠፋፉ ጨረሩን ሳያወጡት አይቀሩም አሉ። ሌሎች ደግሞ ምንጩ በሴኮንድ በመቶ የሚቆጠር ጊዜ የሚሽከረከሩ፥ ፑልሳር የተባሉ የከዋክብት ቅሪቶች ናቸው አሉ። የፊተኞቹ እውነት ከሆነ የጨለማ ቁስ ምልክት መጀመሪያ ታየ ማለት ነው፤ የኋለኞቹ ከሆነ ግን ፍለጋው በሌላ ቦታ ይቀጥላል።

በሌሊት ከማዶ ብርሃን ያየ ሰው፥ አንድ ደመራ ይሁን ወይስ የብዙ ቤት ኩራዝ በቀላሉ አይለይም። በ2016 ትሬሲ ስላትየር ያለችበት ቡድን፥ ብርሃኑ የብዙ ነጥቦች ድምር ይመስላል ሲል ጻፈ። በ2019 ግን ይህችው ሊቅ ከሬቤካ ሊን ጋር ሆና፥ ያ የምርመራ ዘዴ ሊያሳስት እንደሚችል አሳየች። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተቋጨም።

ከዚህም የራስን ሥራ ደግሞ መመርመር የዕውቀት ክብር እንጂ ውርደት አለመሆኑን እንማራለን። በእንጦጦ ተራራም 1 ሜትር ስፋት ያለው መስታወት የተገጠመላቸው 2 ቴሌስኮፖች ቆመዋል። ጋማ ጨረር ባያዩም ለኢትዮጵያዊ ወጣት የከዋክብት ጥናት በር ናቸው። እኛም ሒሳብና ፊዚክስን ተግተን ተምረን፥ ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሚያገኙት ወገን እንድንሆን እንመኛለን።