የትንፋሽ ባለሙያ ወይስ የመተንፈሻ ቴራፒስት?

«የመተንፈሻ ቴራፒስት» ሲባል የሰማ አማርኛ ተናጋሪ ሁለት ነገር ሊገምት ይችላል፤ ወይ የኦክስጅን ማሽን የሚጠግን ቴክኒሻን፣ ወይ አፍንጫ የሚያሽ ፊዚዮቴራፒስት። ሰውየው ከሁለቱ አንዱንም አይደለም። በአሜሪካና በካናዳ ሆስፒታሎች ሬስፒራቶሪ ቴራፒስት የሚባለው ትንፋሽ ላጠረው ሕመምተኛ ኦክስጅን የሚመጥን፣ ከደም ቅዳ ናሙና ወስዶ የጋዙን መጠን የሚለካ፣ ቬንቲሌተር የሚያስተካክል፣ ለአስም ሕመምተኛም የኢንሄለር አያያዝ የሚያስተምር ባለሙያ ነው።

ጥፋቱ የሚጀምረው ከ«መ» ነው። መጥረጊያ የሚጠርጉበት፣ መቁረጫ የሚቆርጡበት፣ መተንፈሻም የሚተነፍሱበት ነው። «የመተንፈሻ አካላት» ያለ እንከን የሚነገረው «አካላት» የሚለው ቃል ስለሚያግዘው ነው። አካላቱ ተቆርጦ ቴራፒስት ሲቀጠልበት ግን የቀረው ዕቃ ብቻ ነው፤ ያውም በኮቪድ ሰሞን «መተንፈሻ መሣሪያ» ሲባል ለከረመ ጆሮ።

ታዲያ ምን ይባል? ፈጥኖ የሚመጣው «አስተንፋሽ» ነው። አማርኛ «አዋለደ» ከሚለው «አዋላጅ»ን አውጥቶ ሙያ አድርጎታል፤ ወጌሻም ከአጥንት ጠጋኝነት ተነሥቶ ሣጥኑን ይዞ ወደ እግር ኳስ ሜዳ የሚሮጠው ሰው መጠሪያ ሆኗል። «አስተንፋሽ» ግን ከጎሚስታ ቤት አያልፍም። ጎማ የሚያስተነፍስ ሰው አየር ያስወጣል እንጂ አያስገባም፤ ጋዜጦችም «የብሶት ማስተንፈሻ» ይላሉ።

«እስትንፋስ»ስ? ውብ ቃል ነው። ነፍስ፣ ነፋስ፣ ትንፋሽ ሁሉም የአንድ ሥር ልጆች ናቸው፤ ላቲኑም ቢሆን ትንፋሽንና መንፈስን ከአንድ ግንድ ነው የሚቀጥለው። ነገር ግን እስትንፋስ የቤተ ክርስቲያን ሽታ አለው፤ ከአዳም አፈጣጠር ጋር እንጂ ከድንገተኛ ክፍል ጋር አይሄድም። የታመመ ሰው «ትንፋሽ አጠረኝ» ነው የሚለው። በሽተኛው የሚጠራበት ቃል እያለ ሌላ ፍለጋ መዞር ምን ያደርጋል?

የ«ቴራፒ»ም ጉዳይ አለ። የግሪኩ ግስ ማገልገል፣ መንከባከብ ማለት ነበር፤ በአማርኛ ቅርብ ዘመዱ «ማስታመም» ነው። «የትንፋሽ አስታማሚ» ቢባል ግን ቴርሞስ ይዛ አልጋ አጠገብ የተቀመጠችው እኅት ትታወሳለች። «ሐኪም» ደግሞ ያሳስታል፤ ባለሙያው ዶክተር አይደለም። እንግዲህ የሚሻለው «የትንፋሽ ሕክምና ባለሙያ» ነው፤ በንግግር ላይ «የትንፋሽ ባለሙያ» ይበቃል። እንግሊዝኛውም ቢሆን አንድ ጊዜ ስሙን ለውጧል፤ በ1947 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ የተመሠረተው የሙያ ማኅበር «ኢንሃሌሽን ቴራፒ» በሚል ስም ነበር የጀመረው።

የአሜሪካው ሥልጠና ቢያንስ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ነው፤ አራት ዓመት የሚማሩም ብዙ ናቸው። የልብና የሳንባ አሠራር፣ የጋዝ ፊዚክስ፣ ፋርማኮሎጂ፣ ከዚያም በጽኑ ሕሙማን ክፍል የተግባር ልምምድ አለበት። ትርጉሙ ዳግመኛ የሚበላሸው የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ፈተናው ላይ ሲደረስ ነው። ሁለት እርከን አለ፤ የታችኛው ሲ አር ቲ፣ የላይኛው አር አር ቲ። ካሊፎርኒያ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአዲስ የሥራ ፈቃድ የላይኛውን ትጠይቃለች። ቃል በቃል ሲተረጎም የታችኛው «የምስክር ወረቀት ያለው»፣ የላይኛው «የተመዘገበ» ይሆናል። አማርኛ አንባቢ የትኛው እንደሚበልጥ ቢጠየቅ ባለ ምስክር ወረቀቱን ነው የሚያነሣው፤ «የተመዘገበ» ሲባልማ ገና ለትምህርቱ ስሙን ያስመዘገበ ተማሪ ይመስላል። የታችኛው «የትንፋሽ ሕክምና ባለሙያ»፣ የላይኛው «ከፍተኛ የትንፋሽ ሕክምና ባለሙያ» ቢባል ማዕረጉ ወዲያው ይለያል። ደረት ላይ በሚንጠለጠለው መታወቂያ የሚነበበው ግን ምህጻረ ቃሉ ስለሆነ፣ ሲ አር ቲ እና አር አር ቲ አጠገቡ ይጻፍ።