የሥራ አጥነት ምጣኔ በሐዋሳ፣ ከ30 እስከ 34 ዓመት

በሲዳማ ክልል ርእሰ ከተማ በሐዋሳ፣ በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ካሉ ነዋሪዎች ውስጥ ለመሥራት ዝግጁ ሆነው ሥራ ያላገኙት በመቶኛ የሚገለጹበት መለኪያ። ስሌቱ ሥራ አጦችን ለሠራተኞችና ለሥራ አጦች ድምር ያካፍላል፤ ሥራ የማይሻ ሰው አይገባበትም።

የ1996 ዓ.ም. ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። ስለዚህ ሠላሳ የሞላው ሥራ ፈላጊ ከወጣቶች ሥራ አጥነት አኃዝ ይወጣል። የቤት ኪራዩ፣ የልጁ ትምህርት ቤት ክፍያና የወላጅ ጡረታ የሚደራረቡበት ግን በዚሁ ዕድሜ ነውና ይህን ክፍል ለብቻው ማየት ያስፈልጋል።

በ2013 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሠራተኛ ኃይል ጥናት የኢትዮጵያ ከተሞች ሥራ አጥነት 18.7 በመቶ ሲሆን፣ የሴቶቹ ከወንዶቹ በእጅጉ ይበልጣል።

ሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ እስከ 60,000 ሰው እንዲቀጥር ታስቦ ነበር። በስፌት መኪናዎቹ ፊት የተቀመጡት ግን በአብዛኛው በሃያዎቹ መጀመሪያ ያሉ፣ ከገጠር የመጡ ሴቶች ናቸው። የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች በፓርኩ ያለውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ኅዳር 2014 ዓ.ም. አስታወቀ፤ ኢትዮጵያም ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ አጎዋ ከተባለው የአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል ታገደች።

ምጣኔው የማያሳየው ብዙ ነው። በዓለም አቀፉ መለኪያ በሳምንት አንድ ሰዓት ለገቢ የሠራ ሰው ሥራ አጥ አይባልም። ዲግሪውን ይዞ በሳምንት ሁለት ቀን የሰው ባጃጅ የሚነዳ፣ ማታ ገቢውን ለባለንብረቱ አስረክቦ የተረፈችውን የሚወስድ የሠላሳ ሁለት ዓመት ሰው በጥናቱ ሠንጠረዥ ላይ ሠራተኛ ነው።