የጧሪ ልጅ ርስትና ግብሩ

«ጡረታ» ሲባል ዛሬ ቶሎ የሚታወሰው የመንግሥት ሠራተኛ አበል ነው። የቃሉ ሥር ግን «ጦረ» ነው፤ ይኸውም ያረጀ ወላጅን መግቦና አልብሶ መያዝ ማለት ነው። የጥንቱ ገበሬ ለጧሪው የሚከፍለው ገንዘብ አልነበረውም፤ ውለታውን የሚመልሰው በመሬት ነበር።

በጎጃምና በጎንደር ርስት ለወንድም ለሴትም ልጅ ይደርስ ነበር። ይሁንና ሽማግሌው ለራሱ ያስቀረውን ድርሻ ለጦረው ሰው መናዘዙ የተለመደ ነው። በጎንደር ዘመን በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የሰፈሩ ውሎች፣ አንዱ ሌላውን «ልጅ» አድርጎ ርስቱን እንዳስተላለፈ ይመሰክራሉ።

ስጦታው ግን ከዕዳ ነጻ አልነበረም። ርስት ግብር አለበትና መሬቱን የወረሰ ግብሩንም ይወርሳል። ስለዚህ ጧሪው ከአንድ ጎተራ ሁለት ዕዳ ይከፍል ነበር፤ አንዱ የወላጁ ቀለብ፣ ሌላው የባለ ጉልቱ ወይም የመንግሥት ግብር ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ወላጅን መቀለብ ሕጋዊ ግዴታ አደረገ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ግን የሚናዘዙት ርስት ቀረ፤ ግዴታው እንዳለ ዋጋው ጠፋ። አዋጅ ቁጥር 456/1997 ይዞታ ለቤተሰብ አባል በውርስ እንዲያልፍ ሲፈቅድ፣ የቤተሰብ አባል ያለው ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት እየኖረ መተዳደሪያውን የሚጋራውን ሰው ነበር። በዚህ አገላለጽ የጥንቱ ጧሪ በሕግ ቋንቋ ተመለሰ፤ የመሬት መጠቀሚያ ክፍያውም እንደ ቀድሞው ግብር ይዞታውን ተከትሎት መጣ።