ዶሮው ወይስ ባቡሩ?

ባለፈው የገና ሰሞን ለልጆች በዓል የሚያስፈልገውን ዝርዝር አውጡ ተብለን በአንድ ፋኖስ ዙሪያ ተሰብስበን ነበር። ዱቄት፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ብርድ ልብስ ብለን ጻፍን። ከመካከላችን አንዱ «ኳስ» ብሎ ጨመረ። ጥቂት ተከራከርንና ሰረዝነው። ያስገደደን የለም፤ የሰረዝነው እኛው መምህራኑ ነን። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈንም ያ ስርዝ ነው።

በአሜሪካ ለልጆች በአሥር ሳንቲም ይሸጡ ከነበሩት የሥዕል ታሪኮች መካከል በጥር 1952 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የገና ታሪክ አለ፤ በእኛ አፍ «ገና ለደሳሳው ሰፈር» ልንለው እንችላለን። ደራሲውም ሠዓሊውም ካርል ባርክስ ነው። በ1901 በኦሬገን ገጠር ተወልዶ በእርሻ፣ በእንጨት ቆረጣና በባቡር ፉርጎ መጠገኛ የለፋ ሰው ነበር። መጽሔቶቹ የዋልት ዲስኒን ስም ብቻ ያትሙ ስለነበር አንባቢዎቹ እስከ 1960 ገደማ ድረስ ማንነቱን አላወቁም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የዶናልድ ዳክ ሦስት የእህት ልጆች በድሆች ሰፈር ሲያልፉ የልጆቹን ጉስቁልና ያዩና በዓል ሊያደርጉላቸው ይነሳሉ። እንዲህ ያለው ሰፈር የፈጠራ ብቻ አልነበረም። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ውድቀት ሥራ አጦች ከቆርቆሮና ከካርቶን የቀለሷቸው፣ በፕሬዚዳንት ሁቨር ስም በምፀት ይጠሩ የነበሩት መንደሮች ከብዙ ወላጆች አእምሮ ገና አልጠፉም ነበር።

ለበዓሉ 50 ዶላር ያስፈልጋል፤ ግማሹ ለምግብ፣ ግማሹ ለመጫወቻ ባቡር። ልጆቹ ባለጸጋውን አጎት ስክሩጅን ይለምናሉ። ስሙ ቻርልስ ዲከንስ በ1843 ካሳተመው የገና ታሪክ የተወሰደው ይህ ንፉግ፣ ለዶሮው 25 ዶላር እሰጣለሁ ይላል፤ ያውም እነርሱ የባቡሩን 25 ካመጡ ብቻ። ባቡር ለእርሱ ከንቱ ነገር ነው። ታሪኩ ግን ይገለብጠዋል። የገንዘብ ጎተራው ከመጠን በላይ ሞልቶ ወለሉ ይደረመስና ሀብቱ ከምድር በታች ይሰምጣል። በጠባቡ ዋሻ ገብቶ ገንዘቡን ሊያወጣለት የሚችለው ያ የናቀው የመጫወቻ ባቡር ብቻ ሆኖ ይገኛል።

ይህን ዓይነት ታሪክ የነቀፉም አሉ። አሪኤል ዶርፍማንና አርማንድ ማተላር በ1971 በቺሊ ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የዲስኒ ሥዕሎች የሀብታሙን ዓለም ለልጆች ተፈጥሯዊ አስመስለው ያቀርባሉ ብለው ተከራከሩ። ከ1973ቱ ወታደራዊ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ መጽሐፋቸው ተቃጠለ፤ እነርሱም አገሩን ለቀው ወጡ። ነቀፋቸው በዚህም ታሪክ ላይ ይሠራል፤ የሰፈሩ ልጆች ለምን እንደ ደኸዩ የሚጠይቅ ማንም የለም፤ የበዓሉም ገንዘብ የሚመጣው ከዚያው ከንፉጉ ጎተራ ነው።

ይህን እንቀበላለን። ነገር ግን ባርክስ አንድ ነገር በሚገባ አይቷል። ምጽዋት ሰጪው የድሃን ልጅ በሆዱ ብቻ ሲለካው ልጅነቱን ይነጥቀዋል። ዶሮ በአንድ ቀን ያልቃል፤ ባቡሩ ግን ከገና በኋላም ይሄዳል። ስክሩጅ ይህን ባያውቅ አይገርምም፤ እርሱ ባለጎተራ ነው። የሚገርመው ጎተራ የሌለን እኛ በእርሱ ሚዛን መመዘናችን ነው። ስንሰፈር ከርመን መስፈሩን ለመድን።

ልጆቻችን ከጨርቅ ኳስ፣ ከሽቦና ከጣሳ መኪና እየሠሩ መልሱን ከሰጡን ቆይተዋል። ዘንድሮ ዝርዝሩ ሲወጣ «ኳስ» የሚለው ቃል ከዱቄቱ ቀጥሎ ይጻፍ። የሚሰርዝ ቢኖር እንኳ እጁ የእኛ አይሁን።